ለደብረ ብርሃን ግቢ የትኛው ጽድ ይሻላል?

ጽድ ለመትከል ካሰባችሁ መጀመሪያ አንድ ነገር ወስኑ፤ የምትፈልጉት አጥር ነው ወይስ ዛፍ?

አጥር ከሆነ የፈረንጅ ጽድን የሚያህል የለም። አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ቢሆንም ደጋችንን ለምዶታል። ቶሎ ያድጋል፣ ከሥር ጀምሮ ጥቅጥቅ ይላል፣ ነፋስ ይመክታል። ጣጣው መከርከሙ ነው። በየዓመቱ ለጋ ጫፉን ካልቀነሳችሁት ከቤት ጣራ በላይ ይሄዳል። ያኔ ቆርጠን እናሳጥረው ብትሉ አይሆንም። ቅጠል የሌለው አሮጌ ቅርንጫፍ ዳግም አያቆጠቁጥም፤ አጥሩ ቡናማ ቀዳዳ ይዞ ይቀራል። እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው የሚነሣ እንዳይመስላችሁ! ክሽክሽም (ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) አለበት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 ማላዊ፣ በ1990 ደግሞ ኬንያ ላይ የታየው የጽድ ክሽክሽ ብዙ ዛፍ አድርቋል። ቅጠሉ ከውስጥ በኩል ቡናማ መሆን ከጀመረ ቅርንጫፉን ገልጣችሁ እዩ።

የሞንቴሬይ ጽድ የሚባለው ያምራል፤ ቅጠሉን ሲያሹት ሎሚ ሎሚ ይሸታል። በተፈጥሮ የሚበቅለው ግን ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ውቅያኖስ ዳር ባሉ ሁለት ጠባብ ቦታዎች ብቻ ነው። ጨው ያዘለ ነፋስና ጭጋግ ለምዷል። ከባሕር ርቆ ሞቃትና ደረቅ ቦታ ሲተከል ቅርፊቱን የሚያቆስል ፈንገስ ይበረታበታል፤ የታመመውን ቆርጦ ከመጣል በቀር ይህ ነው የሚባል መድኃኒት የለውም። ረጅም በጋ ላለበት ለእኛ አገር አጥር ገንዘቤን አላወጣበትም። ቢጫውን ዝርያ በአበባ ማሰሮ በረንዳ ላይ ማሳደግ ግን ደስ ይላል።

ዛፍ ከሆነ ፍላጎታችሁ፣ የሐበሻ ጽድ ነው። ወፍ ዋሻ ደን ገብቶ ያየ ሰው ሌላ አያሰኘውም። ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ትዕግሥት ከሌላችሁ ይቅርባችሁ። እንጨቱን ምስጥ ስለማይደፍረው ለአጥር ቋሚና ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ሲመረጥ ኖሯል። ችግኝ ሳለ ቅጠሉ ይዋጋል፤ ሲያድግ ይለሰልሳል።

ስትገዙ ቁመቱ አያታልላችሁ። ሥሩ ፕላስቲኩ ውስጥ የተጠመጠመ ረጅም ችግኝ ከአጭሩ ይብሳል። ሐምሌ ላይ ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ ገፍፋችሁ ትከሉ፤ የኅዳር ውርጭ ሳይደርስ ሥር ይሰዳል። የመጀመሪያውን ዓመት ማታ ማታ በሣር ሸፈን አድርጉት።