ጉግል ዶክስ ለቡድን ሥራ፦ ከቱሉ ዲምቱ ሆኖ ሲመዘን

ለዩኒቨርሲቲ የቡድን ሥራ ከሚያገለግሉ መተግበሪያዎች አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል፣ ሳላመነታ ጉግል ዶክስን እመርጣለሁ። ዋናው ምክንያቴ ማን ምን እንደሠራ ማሳየቱ ነው። የአምስት ተማሪ ስም ከነመታወቂያ ቁጥሩ በሽፋኑ ላይ ሰፍሮ ሁለቱ ብቻ የደከሙበት ጽሑፍ ሲረከብ ያላየ የአገራችን ተማሪ ያለ አይመስለኝም፤ በዚህም የሚጎዱት የሠሩት ብቻ አይደሉም፣ ሳይሠሩ ነጥብ ያገኙትም ሳይማሩ ያልፋሉ።

የቡድናችን አባላት የምንኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ ነው። ከፊሎቻችን ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ስንሆን አንዷ ከሌላው ጫፍ፣ ከሱሉልታ ትመጣለች። ከክፍል ውጭ በአካል እንገናኝ ማለት የታክሲ ሰልፍና ሲመሽ ትራንስፖርት ማጣት ስለሆነ፣ ሥራውን በኢንተርኔት ከማከናወን ሌላ አማራጭ አልነበረንም። መጀመሪያ የተጠቀምነው ቴሌግራምን ነበር። ቴሌግራም ለመነጋገርና እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ለመላላክ እጅግ ምቹ ነው፤ ነገር ግን አንድን ጽሑፍ አምስት ሰው እያወረደ አርሞ መልሶ ሲልከው፣ አንዱ ያስተካከለው ሌላው በያዘው የቆየ ቅጂ ውስጥ ሳይገባ ይቀራል።

በጉግል ዶክስ ግን ጽሑፉ አንድ ነው፤ ሁሉም እዚያው ላይ ይጽፋል፣ የእያንዳንዱም ጠቋሚ በየራሱ ቀለም ከነስሙ ይታያል። ስለ አቃቂ ወንዝ ብክለት የጻፍነውን ጽሑፍ ለምሳሌ ልጥቀስ። አንዷ ባልደረባችን ከአንድ አሃዝ ጎን በኅዳጉ ላይ «ይህ ልኬት የክረምት ነው ወይስ የበጋ?» ስትል አስተያየት ጻፈች። አሃዙን ያስገባው ልጅ «ልዩነት ያመጣል እንዴ?» ብሎ መለሰ። ሌላው ክረምት ላይ የውኃው መጠን ስለሚጨምር ብክለቱ ይሳሳል ሲል፣ እሷ ደግሞ ጎርፉ ከየመንደሩና ከየእርሻው ቆሻሻ ጠርጎ ስለሚያስገባ ሁልጊዜ እንደዚያ አይሆንም ብላ ተከራከረች። በመጨረሻ ልጁ ወደ ምንጩ ተመልሶ ናሙናው በበጋ የተወሰደ መሆኑን አረጋገጠ፤ አንቀጹንም ራሱ እንደገና ጻፈው። እኔ ከዚያ ኮርስ በደንብ የያዝኩት ይህንኑ ክርክር ነው፤ ሥራውን ተከፋፍለን በየፊናችን ጽፈን ብንገጣጥመው ኖሮ ጥያቄውም አይነሳም ነበር።

እርማትን በሐሳብ መልክ ማቅረብ የሚያስችለው ስልትም ሊመሰገን ይገባዋል። የተጻፈውን ሳያጠፋ የታሰበውን ማስተካከያ ለይቶ ስለሚያሳይ፣ ሰዎች ተመካክረው ሊቀበሉት ወይም ሊተዉት ይችላሉ። እኛ ዘንድ የጓደኛን ጽሑፍ ፊት ለፊት መተቸት በይሉኝታ የሚታለፍ ነገር በመሆኑ፣ ፊት ለፊት ዝም የሚሉ ልጆች እዚህ ላይ ሲናገሩ አይቻለሁ።

ማን መቼ ምን እንደጻፈ መዝግቦ የሚያሳየው የለውጡ ታሪክ ግን ፍጹም ዳኛ አይደለም። ሊንኩ ለማንም ክፍት ሆኖ አንድ ሰው በአካውንቱ ሳይገባ ከጻፈ፣ ማን እንደሆነ በስሙ አይታይም፤ ስለዚህ አባላቱን በኢሜይላቸው መጋበዝ ይሻላል። ሌላ ቦታ ተጽፎ የተለጠፈ ገጽም የለጣፊው ሆኖ ይመዘገባል። ማን እንዳሰበ ሳይሆን ማን እንዳስገባ ነው የሚነግረን።

በእኛ አካባቢ መብራት ሲሄድ ብዙ ጊዜ ኔትወርኩም ይዳከማል። ጉግል ዶክስ ያለ ኢንተርኔት መሥራት ይችላል፤ ይሁንና በኮምፒውተር ከሆነ ይህን አስቀድሞ እንደ ክሮም ባለ ማሰሻ ላይ ማብራት፣ በስልክ ከሆነ ደግሞ ፋይሉን ኢንተርኔት ሳለ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ኔትወርክ ከጠፋ በኋላ ቢያስታውሱት አይጠቅምም። ከቪዲዮ ስብሰባ ጋር ሲነጻጸር የሚበላው ዳታ ጥቂት በመሆኑም በትንሽ ፓኬጅ ለሚኖር ተማሪ ይስማማል። ዙም በነፃ የሚፈቅደው 40 ደቂቃ ሲሆን፣ ከዚያም ውስጥ የተወሰነው «ይሰማል? ይሰማል?» በመባባል ያልፋል።

በስልክ ብቻ ለሚሠሩ ሠንጠረዥ ማስተካከል አድካሚ ነው። ለእሱ ኮምፒውተር ያለው አንድ አባል መመደብ ይበቃል።

መምህራን ግን አሁንም በአብዛኛው የሚጠይቁት ፕሪንት የተደረገውን ቅጂ ብቻ ነው። ፋይሉን የማረም ፈቃድ የተሰጠው መምህር የለውጡን ታሪክ በደቂቃዎች ውስጥ ማየት ስለሚችል፣ ከወረቀቱ ጋር ሊንኩንም ቢቀበሉ ለአምስት ሰው አንድ ዓይነት ነጥብ ከመስጠት ይድናሉ።