የውርስ ክርክር፦ ጠበቃ በሰዓት ወይስ በመቶኛ?

በሰዓት፦ «ጉዳዩ ከምን ደረሰ?» ብላችሁ የደወላችሁባት አምስት ደቂቃ ሳትቀር ትቆጠራለች። ክርክሩ በተጓተተ ቁጥር ሂሳቡ ያብጣል። ብትሸነፉም ያው ትከፍላላችሁ።

በመቶኛ፦ ጠበቃው ክፍያውን የሚወስደው ብታሸንፉ ከምታገኙት ላይ በመቶኛ ስለሆነ ኪሳችሁ ባዶ ቢሆንም ትጀምራላችሁ። ካልተሳካ ጠበቃው በከንቱ ደከመ ማለት ነው። የዳኝነትና የፊርማ ምርመራ ወጪ ግን ብዙ ጊዜ ከእናንተው ነው። የጠበቃው ድርሻ የሚሰላው ወጪ ሳይቀነስ ነው ወይስ ተቀንሶ? ሳትፈርሙ በፊት ይህችን መስመር ውሉ ላይ ፈልጉ፤ ጭቅጭቅ የምታመጣው እሷ ናት።

ኑዛዜውን አስነብቦ ምክር ለመቀበል ብቻ ከሆነ በሰዓት ይረክሳል። «ኑዛዜው ይፍረስ» ለሚል፣ ማስረጃው ጠንካራ ሆኖ ገንዘብ ላጠረው ወራሽ በመቶኛ ይሻላል፤ ያውም የአገሩ ሕግ ከፈቀደ። ውርሱ አንድ ቤት ብቻ ከሆነስ? መቶኛውን ለመክፈል ቤቱን መሸጥ ሊመጣ ነው። እኔ እዚህ ላይ በሰዓት እመርጣለሁ።