የብየዳ ጋሪዬን ለሠሩልኝ ባለሙያ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

በጓሯችሁ ወይም በመኪና ማቆሚያችሁ ብየዳ የምትሠሩ ሁሉ፣ አየር ጤና አካባቢ የሚሠሩ አንድ አንጋፋ የብረታ ብረት ባለሙያ ልጠቁማችሁ። የብየዳ ማሽኔን፣ የጋዝ ቦምቦላውን፣ ግራይንደሩንና ኬብሎቹን በአንድ ላይ የሚይዝ ባለጎማ ጋሪ ሠርተውልኛል። ከልቤ ስለረካሁበት በአደባባይ ላመሰግናቸው ፈለግሁ።

አስቀድሜ የጠየቅሁት ሌላ ቤት ጠረጴዛ ላይ አራት ጎማ ገጥሞ ሊሰጠኝ ዋጋ ቆርጦ ነበር። ጋሼ ግን ስለ ዋጋ ከማንሣታቸው በፊት «ልጄ፣ ቦምቦላህ ስንት ሊትር ነው?» ብለው ጀመሩ። የእኔ ባለ 40 ሊትር አርጎን (ብየዳውን ከአየር የሚከላከል ጋዝ) ነው፤ ሲሞላ 150 ባር ያህል ግፊት ይይዛል፤ ባዶውን እንኳ ወደ 50 ኪሎ ይመዝናል። ወድቆ ቫልቩ ቢሰበር የታመቀው ጋዝ ያንን ሁሉ ብረት እንደ ሮኬት ሊያስወነጭፈው ይችላል። ስለዚህ የጋሪው ልኬት ሁሉ ከቦምቦላው ተነሣ። መቀመጫው ከመሬት አራት ጣት ያህል ብቻ ከፍ ስለሚል ቦምቦላውን በጠርዙ አንከባልሎ ማስገባት ይቻላል፤ ወገብ የሚሰብር ሸክም የለም። ከላይና ከታች በሁለት ሰንሰለት ይታሰራል። ገመድ ፍንጣሪ ሲያርፍበት ይበጠሳል ብለው ያለ ሰንሰለት ሥራውን እንደማያስረክቡኝ ቁርጡን ነገሩኝ። ይህን የሚል ባለሙያ ማግኘት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ጎማ ለመግዛት ምናለሽ ተራ አብረውኝ ወረዱ። እዚያ የነገሩኝን ስሌት ሁላችሁም ያዙት። ጋሪው ከነጭነቱ 120 ኪሎ ቢመዝን እያንዳንዱ ጎማ 30 ኪሎ ይችላል ብሎ መግዛት አያዋጣም፤ የሲሚንቶ ወለል መቼም ፍጹም ልክ ስለማይሆን አንዱ ጎማ ተንጠልጥሎ ሸክሙ በሦስቱ ላይ ይወድቃል። ለሦስት አካፍሎ 40 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚችለውን መምረጥ ይሻላል። ከኋላ ሁለት ትልልቅ አቅጣጫ የማይቀይሩ፣ ከፊት ሁለት ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚዞሩ ባለፍሬን ጎማዎች ገጠሙለት።

ክፈፉ 40 በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (ባለአራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ነው። ማዕዘኖቹን በነጥብ ብየዳ ብቻ አያይዘው ማዕዘኑ ትክክል መሆኑን ለማየት ሰያፉን በሜትር ከለኩ በኋላ ሙቀቱ ብረቱን እንዳያጣምመው ጎን እያቀያየሩ በየዱት። አንድ መገጣጠሚያ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች ታይተው ነበር። ረዳታቸው ቀለም ሊቀባበት ሲል አስቁመው፣ በግራይንደር አስፍቀው እንደገና አስበየዱት። ከዚያ በኋላ ነው አንቲረስት (የዝገት መከላከያ) እና ቀለም የተቀባው።

የላይኛው መደርደሪያ ወደ ፊት ትንሽ ያዘነበለ በመሆኑ የማሽኑን ቁጥሮች ጎንበስ ሳልል አነባለሁ፤ የማሽኑ ማራገቢያ አየር እንዳያጣም ጀርባው ክፍት ነው። ግራይንደሩ ከቦምቦላው በተቃራኒ ጎን ይሰቀላል። ለኤሌክትሮድ (ለብየዳ ዘንግ) ክዳኑ በላስቲክ የሚገጥም የላሜራ ሣጥን ሠርተውልኛል፤ በተለይ 7018 የሚባለው የኤሌክትሮድ ዓይነት እርጥበት ከሳበ ብየዳው ሊሰነጠቅ ስለሚችል ለአዲስ አበባ ክረምት ይህ ሣጥን ያስፈልጋል። ይህን እኔ አልጠየቅሁም፤ እሳቸው አሰቡልኝ።

ስለ ክፍያው፣ የብረቱን ደረሰኝ እንዳለ ሰጥተውኝ የእጅ ዋጋቸውን ለብቻው ነገሩኝ፤ በመሐል የተጨመረ ነገር የለም። ለጥድፊያ ሥራ ግን አይሆኑም። በዓል ሲቃረብ የበር ሥራ ስለሚበዛባቸው ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ የቦምቦላውን ቁመትና ዙሪያ ለክታችሁ፣ ማሽኑን ደግሞ ከተቻለ ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ በፎቶ ብቻ ሥራ አይጀምሩም።