በካርታ ወይስ በእግር? ለአጋዘን አደን የሕዝብ መሬትን አስቀድሞ ማጥናት

ከሌላ ግዛት ተነሥቶ በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት በሚገኘው የማርክ ትዌይን ብሔራዊ ደን ነጭ ጅራት አጋዘን ማደን የሚሻ ሰው፣ 1.5 ሚሊዮን ኤከር ገደማ የሚሰፋውን ይህን የሕዝብ መሬት ከቤቱ ሆኖ በካርታና በሳተላይት ምስል ማጥናት ወይም አስቀድሞ ሄዶ በእግሩ ማየት ይችላል።

ወጪ፦ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ የተባለው የመንግሥት ተቋም የሚያዘጋጃቸው የመልክዓ ምድር ካርታዎች በነፃ ይገኛሉ። ጉዞው ግን ነዳጅ፣ ማደሪያና ከሥራ ፈቃድ ይጠይቃል።

የሚገኘው ዕውቀት፦ የከፍታ መስመሮችን ማንበብ የለመደ ሰው በኮረብቶች መካከል ያሉትን መተላለፊያዎችና ከመንገድ የራቁትን ሸለቆዎች ከካርታው ይለያል። ይሁን እንጂ አጋዘኖቹ በእርግጥ በየት እንደሚመላለሱ ካርታ አይነግረውም። በብርዱ ወቅት ማብቂያ፣ ቅጠል ሳይወጣ በእግሩ የሚሄድ ሰው ወንዱ አጋዘን ባለፈው መከር ቀንዱን ያሻሸባቸውን ግንዶች፣ በሰኮናው የጫረውን መሬት፣ የተረገጡ ዱካዎችንና ሌሎች አዳኞች የተዉትን ምልክት ያያል፤ በእኔ እምነት ይህን የሚተካ ምስል የለም።

አደጋ፦ የሳተላይት ምስል ሊያረጅ ይችላል። በአደን ወቅት ዋዜማ ደኑን መዞር ደግሞ አጋዘኖቹን ያሸሻል። ደኑ በግል ይዞታዎች የተቆራረጠ በመሆኑ ድንበሩን በካርታ መለየት ለሁለቱም ግዴታ ነው።

ርቀቱ የሁለት ቀን መንገድ ለሆነበትና አንድ ጊዜ ብቻ ለሚሄድ ሰው ካርታው ይሻላል፤ ብዙ አማራጭ ቦታዎችን ግን ምልክት ያድርግ። በአጎራባች ግዛት ለሚኖርና በየዓመቱ ለሚመለስ ሰው የእግሩ ጉዞ ወጪውን ይክሳል።