የጡረታ ማስያ ፕሮግራም በመለኪያ ሠራተኛ ዓይን

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት የሰው መለኪያ ስጠራጠር ነው። ሚዛን፣ ቴርሞሜትር ወይም የግፊት መለኪያ ይመጣልኛል፤ ልኩ አስቀድሞ በታወቀ ነገር እፈትነዋለሁ፤ መሣሪያው ያለውንና እውነቱን አስተያይቼ ልዩነቱን እጽፋለሁ። ጡረታ የምትወጣበትን ዕድሜ ይነግርሃል የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ገንዘብ ከፍዬ ስገዛም የራሴን ቁጥር ከማስገባቴ በፊት ያንኑ አደረግኩ። ለማነጻጸር ያህል ያለ ክፍያ የሚገኙ ጥቂት ማስያዎችንም አየሁ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ስለዚህ ስለ ፕሮግራሙ የምናገረው ከሁለቱም ወገን ሆኜ ነው።

ፕሮግራሙ ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ገንዘብ ነው፤ ያላችሁን ቁጠባ፣ የምትጠብቁትን አበል፣ የዓመት ወጪያችሁን፣ የዋጋ ንረቱንና ከቁጠባው የሚገኘውን ትርፍ ትሞላላችሁ። ሁለተኛው ዕድሜ ነው። ሦስተኛውና አምራቾቹ ያፈሩበት ይመስል ከታች ጥግ ላይ የወሸቁት የሳምንት ገጽ ነው። በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ ፀጉራቸው የሸበተ ባልና ሚስት አሸዋ ላይ ቆመው ይስቃሉ። ምን እንደሚያስቃቸው አልተጻፈም። ሥዕሉን ማጥፊያ ፈልጌ አላገኘሁም።

የመጀመሪያው ፍተሻዬ ቀላል ነበር። ቁጠባ 300፣ የዓመት ወጪ 10፣ ትርፍ ዜሮ፣ የዋጋ ንረት ዜሮ። መልሱ 30 ዓመት መሆን አለበት፤ ሆነ። ቀጥዬ ትርፉንም የዋጋ ንረቱንም 5 በመቶ አደረግኳቸው። ገንዘቡ በሚያድግበት ፍጥነት ኑሮው ስለሚወደድ አንዱ ሌላውን ይሽረዋል፤ መልሱ አሁንም 30 ነው። የገዛሁት ፕሮግራም አለፈ። ከነጻዎቹ አንዱ ግን ገንዘቡ በ29ኛው ዓመት ያልቃል አለኝ። ብመረምረው በመጀመሪያው ዓመት ወጪ ላይ የአንድ ዓመት የዋጋ ንረት አስቀድሞ ደርቦበታል። ጥንቃቄ ነው ሊባል ይችላል። ነገር ግን የትም ቦታ አልተገለጸም፤ ያልተገለጸ ጥንቃቄ ደግሞ በእኔ ሙያ ስሕተት ተብሎ ነው የሚመዘገበው።

ከዚያ ከበድ ያለውን አመጣሁ። 100 ያለው ሰው ገንዘቡን በአክሲዮን ገበያ አስቀምጦ በየዓመቱ መጨረሻ 10 እያወጣ ይኑር። በመጀመሪያው ዓመት ገበያው 20 በመቶ ይውደቅ፤ በሁለተኛው 25 በመቶ ይነሣ። ምንም ባይወጣበት ኖሮ ገንዘቡ ወደ 80 ወርዶ ተመልሶ 100 ይሞላ ነበር። ወጪ ሲኖር ግን በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ በእጁ የሚቀረው 77.5 ነው። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፤ መጀመሪያ ይነሣ፣ ቀጥሎ ይውደቅ። አሁን የሚቀረው 82 ነው። የሁለቱ ሰዎች አማካይ ትርፍ አንድ ነው፤ ኑሯቸው ግን አንድ አይደለም። ጡረታ በወጡ ማግስት ገበያ የወደቀባቸው ሰዎች የሚጎዱት በዚህ መንገድ ነው፤ ከረከሰው ላይ እየሸጡ ስለሚበሉ ገበያው ሲያገግም የሚያገግምላቸው ትንሽ ነው። በአማካይ ብቻ የሚያሰላ ማስያ ይህን አያይም፤ ካየኋቸው ነጻ ማስያዎች አብዛኞቹም አላዩትም። የገዛሁት አየው። ለከፈልኩት ገንዘብ ዋጋ ያገኘሁት እዚህ ላይ ነው።

አሠራሩ በዘፈቀደ የተቀላቀሉ እጅግ ብዙ የገበያ ዕጣዎችን እየፈጠረ ከእነዚህ ውስጥ በስንቱ ገንዘባችሁ እስከ ዕድሜያችሁ መጨረሻ እንደሚደርስ መቁጠር ነው። ዘዴው በሞናኮ ባለው የቁማር ቤት ስም ሞንቴ ካርሎ ይባላል፤ የሒሳብ ሊቃውንቱ ስታኒስላቭ ኡላምና ጆን ፎን ኖይማን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሎስ አላሞስ በተባለው የአሜሪካ የኑክሌር ምርምር ጣቢያ ለፊዚክስ ስሌት ያዳበሩት ነው። እስከዚህ ድረስ ጥሩ። ቅሬታዬ መልሱ ላይ ነው። «የመሳካት ዕድልዎ 86.7 በመቶ ነው» ይላል። ያች «ነጥብ ሰባት» ከየት መጣች? የሰጠሁት የዋጋ ንረት ግምት ነው። 72ን ለንረቱ መጠን ብታካፍሉ ዋጋ እጥፍ የሚሆንበትን ጊዜ በግርድፉ ታገኛላችሁ፤ በ4 በመቶ 18 ዓመት፣ በ6 በመቶ 12 ዓመት። ግምቴ በሁለት ብቻ ቢሳሳት ስድስት ዓመት በሚዛወርበት ስሌት ውስጥ አስርዮሽ መጻፍ ድፍረት ነው። ከመሣሪያው አቅም በላይ የሆነ አኃዝ የሚያሳይ ሚዛን ቢመጣልኝ ማኅተም አልመታበትም ነበር።

ሌላው ጉድለት ፕሮግራሙ የሚያስበው ሰው እጅግ ግትር መሆኑ ነው። ገንዘቡ ሊያልቅ ሲቃረብ እንኳ ወጪውን አይቀንስም፤ የጀመረውን እያወጣ ገደል ይገባል። እውነተኛ ሰው እንዲህ አይደለም። ወጪውም በየዓመቱ እኩል አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ የጡረታ ዓመታት እግርም ፍላጎትም ስላለ ይበዛል፤ በመካከል ይቀንሳል፤ በመጨረሻ ሕክምናና አስታማሚ ይመጣል። ይህን ለማስገባት ሦስት ጊዜ ለየብቻ ማስላት ነበረብኝ።

ከቁጠባው በየዓመቱ የሚወጣው ድርሻ 4 በመቶ ተብሎ አስቀድሞ ተሞልቶ ይመጣል። ቁጥሩ አሜሪካዊው የገንዘብ ዕቅድ አማካሪ ዊሊያም ቤንገን እ.ኤ.አ. በ1994 ካሳተመው ጥናት የመጣ ነው። ቤንገን ከ1926 ጀምሮ ያለውን የአሜሪካ የአክሲዮንና የቦንድ ታሪክ ወስዶ፣ በመጀመሪያው ዓመት 4 በመቶ አውጥቶ ከዚያ ወዲህ ያንኑ መጠን ከዋጋ ንረት ጋር እያስተካከለ የሚቀጥል ሰው ገንዘቡ ቢያንስ 30 ዓመት እንደሚቆይለት አሳየ። ሲገለበጥ የዓመት ወጪን 25 እጥፍ አጠራቅሙ ማለት ነው። ጠቃሚ ቁጥር ነው፤ ግን የአንድ አገር ገበያ ታሪክ ነው፤ ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው ገንዘብ በአክሲዮን ላይ እንዳለ የሚያስብ ነው፤ የሚያየውም 30 ዓመት ነው። በ50 ዓመቱ ሥራ ሊያቆም የሚመኝ ወይም ቁጠባው በሙሉ ባንክ የተቀመጠ ሰው በዚህ ልክ መለካት የለበትም። ፕሮግራሙ ይህን የሚያስረዳው ዓይን በማይደርስበት ፊደል ነው፤ ይህን የሚያነብበው ደግሞ መነጽር የሚያደርግ ሰው ነው።

ዋናውን ጥቅም ያገኘሁት መልሱን በመቀበል ሳይሆን አንድ ቁጥር ብቻ እያነቃነቅኩ ሌላው ምን ያህል እንደሚናወጥ በማየት ነው። ያስገረመኝ የአንዲት ዓመት ክብደት ነው። የዓመት ወጪውን 20 እጥፍ ያጠራቀመ፣ ትርፉ ከዋጋ ንረት ጋር እኩል የሆነ ሰው እንውሰድ፤ ገንዘቡ 20 ዓመት ያኖረዋል። አንድ ዓመት ጨምሮ ሠርቶ የወጪውን ሩብ ያህል ቢቆጥብ ገንዘቡ 20 ዓመት ከሩብ ያኖረዋል፤ ገንዘቡ ሊሸፍነው የሚገባው ዘመንም በአንድ ዓመት ያጥራል። በድምሩ ያገኘው አንድ ዓመት ከሩብ ነው። በሌላ በኩል ያች የተጨመረች ዓመት የምትቀነሰው ከየትኛው ጫፍ ነው? ጉልበት ካለበት ጫፍ ነው። ፕሮግራሙ ይህን በቁጥር አያሳይም። እኔ ግን ሥራ ያቆምኩት በ62 ዓመቴ ነው፤ እስከ 65 ብቆይ መቶኛዋ ከፍ እንደምትል እያየሁ።

ስለ ዕድሜው ክፍል ብዙ አልልም። 65 ተሞልቶ ይመጣል። ይህን ቁጥር የማንንም ጉልበት ለክቶ የወሰነው የለም። ጀርመን በመራሔ መንግሥቷ በቢስማርክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1889 ያወጣችው የእርጅና ጡረታ ሕግ መነሻ ዕድሜው 70 ነበር፤ ወደ 65 የወረደው በ1916 ነው፤ አሜሪካም በ1935 ሕጓ 65ን ወሰደች። ይበልጥ የሚያደናግረው «እስከ ስንት ዓመት ይኖራሉ?» የሚለው ሳጥን ነው። 85 ይላል። አማካይ ዕድሜ ማለት ብዙ ሰው የሚያልፈው ዕድሜ ማለት መሆኑን የሚያስታውስ የለም። ለባልና ሚስት ደግሞ ስሌቱ ሌላ ነው፤ እያንዳንዳቸው 90 ዓመት የመድረስ ዕድላቸው እኩሌታ ቢሆን ቢያንስ አንዳቸው የመድረሳቸው ዕድል ወደ 75 በመቶ ይጠጋል።

በዚህ ነገር ከተሳሳቱት ሁሉ የማይረሳኝ አንድ ፈረንሳዊ የሕግ ባለሙያ ነው። አንድሬ ፍራንሷ ራፍሬ እ.ኤ.አ. በ1965 ከ90 ዓመቷ ዣን ካልማን ጋር ተዋዋለ፤ እስክትሞት በየወሩ ሊከፍላት፣ ስትሞት ቤቷን ሊወርስ። በ1995 እሱ ቀድሟት ሞተ፤ ሚስቱ መክፈሏን ቀጠለች። ካልማን ያረፈችው በ1997፣ በ122 ዓመቷ ነው፤ የተከፈላትም ከቤቱ ዋጋ እጥፍ በላይ ሆኖ ነበር። እኔ ሳጥኑ ውስጥ 97 ጻፍኩ።

የሳምንቱ ገጽ ሰባት ቀን ነው፤ ለእያንዳንዱ ቀን ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ የሚሞላ ባዶ ሳጥን አለ። መመሪያው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ሥራ ባቆሙ በሦስተኛው ወር ያለውን ተራ ሳምንት ይሙሉ።» ሦስተኛው ወር መባሉ ብልህነት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደ ፈቃድ ስለሚያልፉ ምንም አይናገሩም። እያንዳንዱ ሳጥን ሥር ደግሞ «ከማን ጋር?» የሚል ትንሽ መስመር አለ። እዚያ መስመር ላይ እጄ ዘገየ።

አንድ መሣሪያ በክፍል ውስጥ ከተፈተሸ በኋላ በሥራ ቦታው መፈተሽ አለበት። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ የትም ሳልሄድ በሞላሁት ሳምንት ኖርኩበት። «የሥራ ባልደረቦችን መጎብኘት» ብዬ የጻፍኩበት ማክሰኞ ጠዋት ባልደረቦቼ ሥራ ላይ ነበሩ። «ታሪክ ማንበብ» ያልኩበት ከሰዓት በእንቅልፍ አለቀ። ከቁርጥራጭ ብረት መካከል ያነሣሁትን አሮጌ የክንድ ሚዛን መጠገኑ ግን ጸና፤ በልጅነቴ ያልተማርኩት ዋናም ጸና። ፈቃዴ ሲያልቅ ገጹን አጥፍቼ እንደገና ሞላሁት።

ይህ ገጽ እንዴት ቸል እንደተባለ ይገርመኛል። ኦስትሪያ ውስጥ ማሪየንታል በምትባል መንደር ፋብሪካው ተዘግቶ ሕዝቡ ሥራ ሲያጣ ማሪ ያሆዳና ባልደረቦቿ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1933 ታትሟል። ሰዎቹ ጊዜ ተርፏቸው ሳለ ከቤተ መጻሕፍት የሚዋሱት መጽሐፍ ቀነሰ፤ በመንገድ ላይ የወንዶቹ እርምጃ ዘገመ። የእነሱ ችግር ማጣትም ነበር፤ አበል ካለው ጡረተኛ ጋር አንድ አይደሉም። ቢሆንም ሥራ ከደመወዝ ሌላ የሚሰጠው ነገር፣ ማለትም የቀን ሥርዓት፣ የሚያናግር ሰው፣ የሚጠብቅህ ጉዳይ፣ ሲቀር ምን እንደሚሆን ያሳያሉ። ሆምዝና ራሂ የተባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችም እ.ኤ.አ. በ1967 ሰውን የሚያናውጡ 43 የሕይወት ለውጦችን በነጥብ ሲደረድሩ ጡረታን አሥረኛ አድርገው 45 ሰጡት፤ ከሥራ መባረር 47 ነው። በባሕር ዳርቻ ከሚስቅ ሥዕል ይልቅ ይህን ቢጽፉበት ይሻል ነበር።

የዋና አስተማሪዬ ከልጄ ታንሳለች። «አባቴ፣ ውኃው አይጠላዎትም፤ አንገትዎን ይልቀቁት» ትለኛለች። ገንዳው በሥራ ሰዓት ባዶ ነው፤ ጡረታ ከሰጠኝ ጸጋ ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። ክንድ ሚዛኑ አሁን የአንድ ግራም ልዩነት ይለያል፤ ወደ ግማሽ ግራም ላወርደው እየታገልኩ ነው፤ ማንም ቀነ ገደብ አልሰጠኝም።

የመጨረሻው ቅሬታዬ ትልቁ ነው። ፕሮግራሙ ባልና ሚስት በአንድ ቀን ጡረታ እንደሚወጡ አድርጎ ይቆጥራል። ባለቤቴ ገና ሥራ ላይ ናት። ለሁለት የተለያየ ቀን የሚሞላበት ቦታ ስለሌለ ደመወዟን «ሌላ ገቢ» በሚለው ሥር አስገባሁት፤ ስታየው አልተደሰተችም። የሳምንቱ ገጽም የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል ሰው የቤቱን ሥራ ምን ያህል ይይዛል የሚል ሳጥን የለውም። ባለቤቴ ግን መልሱን ነግራኛለች፤ «ጡረታ የወጣኸው ከመሥሪያ ቤት ነው እንጂ ከቤት አይደለም።» ከሰኞ እስከ ዓርብ እራት የማዘጋጀው እኔ ነኝ።

ከአምስት ኮከብ ሦስት እሰጠዋለሁ። ጡረታ ሊወጣ አምስት ወይም አሥር ዓመት የቀረው፣ ቁጠባው ከገበያ ጋር የተያያዘ ሰው ይግዛው። ኑሮው በሙሉ በቋሚ አበል ላይ ለተመሠረተ ሰው ነጻዎቹ ይበቁታል፤ ከመጠቀሙ በፊት ግን የ300 እና የ10ሩን ፍተሻ ያድርግባቸው። ክፍያው በየዓመቱ በራሱ ይታደሳል፤ ማቋረጫው ያለው በቅንብሮች ውስጥ «የእኔ መረጃ» በሚለው ሥር ነው። የሳምንቱን ገጽ አስቀድማችሁ በወረቀት አትማችሁ ያዙት፤ ክፍያው ሲቋረጥ አብሮ ይዘጋል።