«ውሃ አያስለቅቀውም» እየተባለ የሚሸጠውን የችግኝ መለያ እንዳትገዙ

ጓሮ ያላችሁ፣ በረንዳ ላይ በባልዲም ቢሆን የምትተክሉ፣ ይቺን ሳታነቡ አትለፉ። ነጭ የፕላስቲክ የችግኝ መለያ ከነማርከሩ በአንድ ፓኬት እየሸጡ ነው። እኔ ገዝቼ የከሰርኩት ብሩን ብቻ አይደለም።

የገዛሁት እዚሁ አዲስ አበባ፣ የአትክልት ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ነው። 50 ፍሬ ከአንድ ጥቁር ማርከር ጋር 700 ብር። ተወደደብኝ ስለው ሻጩ አንዱ ላይ ጻፈበትና ውሃ ውስጥ ነከረው፣ አውጥቶ በጣቱ ፈተገው። ጽሑፉ ንክች አላለም። «እህቴ፣ ፐርማነንት ነው፣ አምስት ዓመት ይቆይልሻል» አለኝ። በዓይኔ አይቼ እንዴት አላምን? ደረሰኝ እንኳን ሳልጠይቅ ወጣሁ።

ክረምቱ እንዳለፈ ጥቅምት ላይ ሁሉንም ተከልኩ፣ ሁሉም ላይ ስም ጻፍኩ። ታኅሣሥ ላይ ጥቁሩ ቀለም ወደ ግራጫ ሄደ። የካቲት ላይ ቀጥ ብሎ ፀሐይ ከሚያገኛቸው ግማሾቹ ጭራሽ ባዶ ነጭ ሆነዋል። አንዱን ላነሳ ስል እጄ ላይ ቀሽ ብሎ ተሰበረ።

ቃሪያና በርበሬው ተቀላቀለብኝ፣ እሱስ ይሁን፣ ሲያፈራ ይለያል። ያቃጠለኝ አቮካዶው ነው። ግራፍት የተደረጉ (የሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ የተቀጠለባቸው) አራት ችግኞች ነበሩኝ፣ ሁለቱ ሃስ፣ ሁለቱ ፉየርቴ። ከሁለቱም አንድ አንድ ጓሮዬ ላስቀር፣ የቀሩትን ጥንድ ለወንድሜ ልሰጥ ነበር ሐሳቤ። ሁለቱን ዓይነት አብሮ መትከል ጥቅም አለው፤ የሃስ አበባ በሴትነት የሚከፈተው ጠዋት ነው፣ የፉየርቴው ደግሞ ከሰዓት በኋላ፣ አንዱ ሴት ሆኖ ሲከፈት ሌላው ወንድ ነው፣ ስለዚህ አንዱ ለሌላው የአበባ ዱቄት ይሰጠዋል። አሁን አራቱም ፊቴ ቆመዋል፣ እኔ በቅጠል መለየት አልችልም። ሃስ ሲበስል ይጠቁራል፣ ፉየርቴ አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል። ይህን ለማየት ግን ፍሬ እስኪይዙ ሦስት አራት ዓመት መጠበቅ አለብኝ። 700 ብር ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

ሱቁ ተመለስኩ። ሻጩ ድጋሚ ውሃ አምጥቶ ያንኑ ሙከራ አሳየኝ! «ማርከሩ ኦርጅናል ነው፣ አጻጻፍሽ ነው» አለኝ። ደረሰኝ ስለሌለኝ ክርክሩ እዚያው አበቃ።

ሙከራው ውሸት አይደለም፣ ውሃ በእርግጥ አያስለቅቀውም። መለያ የሚያጠፋው ግን ፀሐይ ነው። የፀሐይ ጨረር የማርከሩን ቀለም ይሰባብረዋል፣ ርካሽ ፕላስቲክንም ያደርቀውና ተሰባሪ ያደርገዋል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ከፍታ ሲጨምር ጨረሩም ይበረታል። ስለዚህ ሻጭ ውሃ ሲያሳያችሁ «ፀሐይስ?» በሉት። ሱቅ ውስጥ ማሳየት አይችልም።

አሁን የምጠቀመው የለስላሳና የቢራ ጣሳ ነው፣ በነፃ። መጀመሪያ ማግኔት አስጠጉበት። ከያዘው ብረት ነው፣ ይዝጋል፣ ተዉት። ካልያዘው አልሙኒየም ነው። የላይና የታች ክዳኑን በመቀስ ቆርጣችሁ አውጡ፣ ጎኑን ሰንጥቃችሁ ዘርጉት፣ እጠቡት፣ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቁራጭ ቁረጡት። ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው፤ ልጆች ባሉበት አትሥሩ፣ ዙሪያውን በፒንሳ ወደ ውስጥ እጠፉት። ከዚያ ከሥሩ የታጠፈ ጋዜጣ ወይም ካርቶን አድርጉና ብርማው ገጽ ላይ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ጫን እያላችሁ ጻፉ። ካርቶኑ ልል ስለሆነ ፊደሉ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ቀለም የለውም፣ ስለዚህ የሚጠፋ ነገር የለም። ፊደሉን ግን ተለቅ አድርጉት፣ የኛ ፊደል ካነሰ «ሀ»ና «ሁ» ይቀላቀላል።

በሚስማር ብሱና በቀጭን ሽቦ ቅርንጫፍ ላይ አንጠልጥሉ። የሽቦውን ቀለበት ሰፋ አድርጉት፣ አለዚያ ዛፉ ሲወፍር ያንቀዋል። ግንዱ ላይ በፍጹም አትጠምጥሙ።

እንጨት ሞክሬ ነበር፣ በክረምት በሰበሰ፣ የተረፈውን ምስጥ በላው። ለአንድ ወቅት ጎመንና ሰላጣ ግን ከአሮጌ የፕላስቲክ ባልዲ የተቆረጠ ቁራጭ ይበቃል፣ በብርጭቆ ወረቀት አሻክራችሁ በእርሳስ ጻፉበት። በእርሳስ አልኳችሁ፣ በማርከር አይደለም። የእርሳስ ጥቁሩ ካርበን ነው፣ ፀሐይ አያነጣውም።

ያን ፓኬት ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ጓሮ ውጡና ጽሑፉ ገና ሳይጠፋ የቱ ችግኝ የት እንዳለ ደብተር ላይ ሥላችሁ አስቀምጡ፣ በተለይ የፍራፍሬዎቹን።