አይዲ ፎርን በሦስት ዓይነት ጎማ ነዳኋት፦ የ19 ወር ልምዴ

መኪናዋን የገዛሁት በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ነው። ከቻይና የመጣች የቮልስዋገን የኤሌክትሪክ መኪና፣ አይዲ ፎር ክሮዝ ናት። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ጉልበቷም ወደ ኋላ ጎማ ብቻ ይሄዳል። ይህን የምጽፈው በግንቦት 2017 ነው፤ 27 ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዘናል። ስለ ባትሪና ስለ ቻርጀር ብዙ ተብሏል። እኔ ስለ ጎማዋ ልጻፍ። በእነዚህ 19 ወራት ሦስት ዓይነት ጎማ አስሬላታለሁ። በሦስቱም ሦስት የተለያየች መኪና ሆናለች።

ስትመጣ በ20 ቸርኬ ነበረች። ከፊት 235/50 አር20፣ ከኋላ 255/45 አር20። ልብ በሉ፣ የፊቱና የኋላው አንድ አይደለም። ስገዛት ይህን አላየሁም። ሻጩም አልነገረኝም። ቀለሟን፣ ወንበሯን፣ ባትሪዋን አየሁ፤ ጎማዋ አዲስ መሆኑን አየሁና በቃኝ።

ቁጥሩን ማንበብ ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። 255 የጎማው ወርድ በሚሊሜትር ነው። 45 የጎኑ ቁመት ነው፤ የወርዱ 45 በመቶ ማለት ነው። 20 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ስለዚህ የኋላ ጎማዬ ጎን 11 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ከ2 ቶን በላይ የምትመዝን መኪና ከጉድጓድ የሚጠብቃት ይህችው ጎማ ናት።

እስከ ክረምቱ ድረስ ጥሩ ነበር። ፍሬን እግሬ ስር፣ መሪው እጄ ላይ ቁጥብ ያለ ነበር። ከመብራት ስነሳ ወንበሩ ላይ ትለጥፈኛለች። ሐምሌ ላይ አንድ ማታ ዝናብ እየጣለ ወደ ጎሮ ስሄድ ውሃ የሞላ ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ። ድምፁን እስካሁን አልረሳውም። ወርጄ አየሁ፤ ጎማው ንፋስ ይዟል። ተመስገን ብዬ ቤቴ ገባሁ። በነጋታው ጠዋት የግራ የፊት ጎማው ጎን ላይ እንቁላል የሚያህል እባጭ ወጥቶ አገኘሁት።

ሰፈራችን ያሉት ጎሚስታ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ጎንበስ ብለው እባጩን በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት።

«ይሄ አይጠገንም ልጄ። ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷል። ላስቲኩ ብቻ ነው የያዘው።»

«ጋሼ፣ እስከ ቅዳሜ ቢያደርሰኝስ?»

«አንድ ቀንም አትንዳባት። ስኮርታ የለህም?»

የለኝም። አይዲ ፎር ስኮርታ ይዛ አትመጣም። ለአንድ ጎማ ብዬ ጎማ ተራን ሁለት ቀን አሰስኩት። 235/50 አር20 አንድ ቦታ ብቻ አገኘሁ፤ እሱም የቆየ ነበር። ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች አይቼ ነው ያወቅኩት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጎማው የተሠራበትን ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ያሳያሉ። ጎማ ስትገዙ መጀመሪያ እሷን እዩ።

በመጨረሻ አንድ ነጋዴ «ብሮ፣ ለምን አንድ ቁጥር ከፍ አታደርገውም? ለኛ መንገድ የሚሆነው እሱ ነው» አለኝ። 235/55 አር20 እና 255/50 አር20 እንደልብ አለ። ቸርኬው እዚያው ነው፤ ጎማው ብቻ ይወፍራል። ሐሳቡ ጥሩ መሰለኝ። አራቱንም ቀየርኩ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደስ አለኝ። መኪናዋ 1 ሳንቲ ሜትር ከምናምን ከፍ አለች። ኮብልስቶን ላይ ለስለስ አለች። ባትሪዋ ከሆዷ ስር ስለሆነ ያ ከፍታ ለልብም ሰላም ይሰጣል።

ከዚያ ሁለት ነገር መጣ። አንደኛው ድምፅ ነው። መሪውን እስከ ጥግ አዙሬ ወደ ኋላ ስወጣ፣ በተለይ ጎማው ጉብታ ላይ ሲወጣ፣ ከፊት ችርር የሚል ድምፅ ይሰማል። ጎንበስ ብዬ በእጅ ባትሪ ሳበራ የፓራፋንጎው የውስጥ ፕላስቲክ ተፍቆ አብረቅርቋል። ጎማው እየነካው ነው። ቆማ ስትታይ ሁለት ጣት ያስገባል፤ ስታዞራትና ስትጫናት ነው ልኩ የሚታወቀው።

ሁለተኛው ይበልጥ አሳሰበኝ። መኪናዋ አልስብ አለች። አልስብ ስል ቆመች ማለቴ አይደለም። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ፣ ቆሜ ስነሳ፣ ያቺ የለመድኳት ፈጣን አነሳስ የለችም። እግሬን ቀድሞ ከማደርገው በላይ መጫን ጀመርኩ። ባትሪው ደክሞ ይሆን ብዬ ፈራሁ።

ነገሩን የፈቱልኝ እኚያው ጎሚስታ ናቸው። «ልጄ፣ ይቺ መኪና ማርሽ አትቀይርም። ማርሿ ጎማዋ ነው» አሉኝ።

እቤት ገብቼ ቁጥሩን ሠራሁት። የድሮው የኋላ ጎማ ዲያሜትር 737 ሚሊሜትር ተኩል ነው። አዲሱ 763። ልዩነቱ 3 ነጥብ 5 በመቶ ነው። የነዳጅ መኪና ላይ ጎማ ሲተልቅ ሾፌሩ አንድ ማርሽ ዝቅ ያደርግና ይገላገላል። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ከሞተሩ እስከ ጎማው ያላት አንድ የማይቀየር የጥርስ ቁጥር ነው። ሞተሩ የሚሰጠው ጉልበት 310 ኒውተን ሜትር ነው፤ አይጨምርም። ጎማው በተለቀ ቁጥር ያ ጉልበት አስፋልቱ ላይ ሲደርስ ያንሳል። ገመድ እንደሚጠቀለልበት የውሃ ጉድጓድ ከበሮ ነው፤ ከበሮው ሲሰፋ ባልዲው ይከብዳል።

ግን ይህ የሚሠራው ሞተሩ በሙሉ ጉልበት በሚገፋበት ፍጥነት ብቻ ነው። በኔ መኪና ስሌቱ እስከ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ ይደርሳል። ከዚያ በላይ ገደቡ 150 ኪሎዋቱ ስለሚሆን የጎማው ቁመት ብዙም አይለውጥም። የተሰማኝም እንደዚያው ነው። የአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ስቀድም ልዩነት አላየሁም። ከመብራት ስነሳና ዳገት ስጀምር ግን አየሁ። ሰው የሌለበት ቀጥ ያለ ሜዳ መንገድ ላይ በስልኬ ጂፒኤስ ደጋግሜ ለካሁ። ከ0 እስከ 50፣ በፊት 3 ነጥብ 4 ሰከንድ አካባቢ ነበር። በትልቁ ጎማ 3 ነጥብ 6። ቁጥሩ ትንሽ ነው። እግር ግን ያውቀዋል።

ክብደቱ ነው ያሉኝም ነበሩ። እሱንም አጣራሁ። የእህል ነጋዴ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። የድሮው ከነቸርኬው 27 ኪሎ፣ ትልቁ 31 ኪሎ። ለአራቱ 16 ኪሎ ተጨመረ። የሚሽከረከር ክብደት ከጫፍ ላይ ሲሆን ሲነሱ እጥፍ ያህል ይቆጠራል ቢባል እንኳ 32 ኪሎ ነው። የአሥር ዓመት ልጄን ከኋላ እንደ ማሳፈር ነው። 2 ቶን ላይ ያ አይሰማም። ስለዚህ ቀላል ቸርኬ ግዛና ትፈጥናለህ ለሚላችሁ ብዙ ገንዘብ አታውጡ። ዲያሜትሩን ጠብቁ።

የቻርጅ ነገርም አለ። ዳሽቦርዱ በ100 ኪሎ ሜትር 16 ኪሎዋት ሰዓት ያሳየኝ የነበረው ወደ 17 ነጥብ 3 ወጣ። መጀመሪያ ደነገጥኩ። ኋላ ግን ከፊሉ የቆጣሪው ስህተት መሆኑ ገባኝ። ጎማው ሲተልቅ በአንድ ዙር ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ መኪናዋ ግን በድሮው ልክ ነው የምትቆጥረው። የእውነቱ 16 ነጥብ 7 ያህል ነው። ፍጥነት ማሳያውም እንደዚያው። ድሮ 100 ሲል ጂፒኤሱ 97 ይላል። በትልቁ ጎማ 100 ሲል 100 ነው። ያ የደህንነት ትርፍ ጠፋ ማለት ነው። ትራፊክ ራዳር ይዞ ሲቆም ይህ ዋጋ አለው።

እዚህ ላይ ለአዲስ አበባ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይቀንሳል። የነዳጅ ሞተር በዚህ ይደክማል። የኤሌክትሪክ ሞተር አይደክምም፤ አየር አይተነፍስማ። ስስ አየር መኪናዋንም ብዙ አይገፋትም። ታዲያ ባትሪውን የሚበላው ምንድነው? የጎማው መጎተት ድርሻው ከፍ ይላል። ከተማ ውስጥ በዝግታ ስንሄድ ደግሞ ይብሳል። አውሮፓ ውስጥ የሚጻፍ ግምገማ ስለ ነፋስ ብዙ ያወራል። እኛ ጋ ጎማ ይቅደም።

ትልቁ ጎማ ደረቅ ላስቲክም ነበር። ዝናብ ሲያካፋ፣ የእግረኛ ማቋረጫ ነጭ ቀለም ላይ ቆሜ ስነሳ፣ የመንሸራተት ቢጫ መብራት ብልጭ ብልጭ ይል ጀመር። ጉልበቱ ሁሉ ከኋላ ጎማ ላይ፣ በአንድ አፍታ ነው የሚወርደው። ጎማው ካልያዘ ኮምፒውተሩ ጉልበቱን ይቆርጠዋል። ወረቀት ላይ ያለው ፈረስ ጉልበት ያኔ ምንም አይጠቅምም።

በኅዳር 2017 ወሰንኩ። ወደ 18 ወረድኩ።

አውሮፓ ውስጥ ዝቅተኛዋ አይዲ ፎር በ18 ቸርኬ ትሸጥ ነበር፤ ከፊት 235/60፣ ከኋላ 255/55። ዲያሜትሩ 739 እና 737 ሚሊሜትር ተኩል አካባቢ ነው። ከዋናው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። የጎኑ ቁመት ግን 14 ሳንቲ ሜትር ነው። መኪናዋ ሳትለወጥ በቸርኬውና በአስፋልቱ መካከል ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ላስቲክ ይጨመራል። የምፈልገው ይህንኑ ነበር። ለዚህ መጠን ጎማም አይጠፋም። 255/55 አር18 የድሮ ቢኤምደብሊው ኤክስ ፋይቭ ጎማ ነው፤ ከተማ ውስጥ አለ።

ቸርኬው ነው ያስቸገረኝ። አንድ ሱቅ ውስጥ ያማረ 18 ቸርኬ አሳዩኝ። «አምስት ቡሎን አይደል ወንድሜ? ይገባል» አለኝ ልጁ። ሜትር አወጣሁ። የቶዮታ ነው። ቶዮታ ቡሎኖቹ የሚቀመጡበት ክብ 114 ነጥብ 3 ሚሊሜትር ነው፤ የቮልስ 112። ልዩነቱ 2 ሚሊሜትር ከምናምን ነው። በጉልበት ከታሰረ ይገባል። ግን ቡሎኑ ጠሞ ይቀመጣል፤ ከዚያ መንቀጥቀጥ፣ ከዚያ መላላት ነው። መሃሉ ላይ ያለው ቀዳዳም ይለያል። የቮልሱ 57 ነጥብ 1 ነው፤ የዚያኛው ሰፊ ነበር። ልጁን አልተቆጣሁትም። ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚሸጠው። ግን ቤተሰብ የሚጫንበት ነገር ነው፤ ትታችሁ ውጡ።

የቡሎኑ አንገትም አለ። የቮልስ ዋናው ቡሎን መቀመጫው ክብ ነው፤ እንደ ኳስ። ከውጭ የሚገዛ ቸርኬ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሾጣጣ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ካላያችሁ አንድ ይመስላሉ። ኳሱን ሾጣጣው ላይ ካሰራችሁት የሚነካው በቀጭን መስመር ብቻ ነው። ጠበቅ ያለ ይመስላል፤ አይደለም።

በመጨረሻ ዱባይ ያለ የአክስቴ ልጅ የመኪናዋን የራሷን 18 ቸርኬ ከነቡሎኑ ላከልኝ። የፊቱና የኋላው ወርድም ኦፍሴትም (ቸርኬው ወደ ውስጥ የሚገባበት ልክ) ስለሚለያይ «ፊት» «ኋላ» ብሎ በኖራ ጽፎበታል። ጎማውን ስገዛ የጭነት ቁጥሩን አየሁ። ኤክስ ኤል የሚል ይኑርበት፤ ለከባድ ጭነት የተጠናከረ ማለት ነው። ከፊት 107 ነው፤ አንዱ ጎማ 975 ኪሎ ይሸከማል። ከኋላ 109፣ 1,030 ኪሎ። የኤሌክትሪክ መኪና ከባድ ስለሆነ ይህ የሚታለፍ ቁጥር አይደለም።

ስድስት ወር ሆነኝ። አነሳሷ ተመለሰ። ከ0 እስከ 50 እንደገና 3 ነጥብ 4 ነው። የከተማ ፍጆታዋ 15 ነጥብ 7 ላይ ተቀመጠ። መሪ እስከ ጥግ ሳዞር ምንም ድምፅ የለም። በዚህ ዓመት በልግ ዝናብ ላይ ሁለት ክፉ ጉድጓድ ገብቻለሁ፤ ቸርኬውም ጎማውም ደህና ነው።

ያጣሁትም አለ። ጎማው ለስላሳ ስለሆነ በ100 ፍጥነት ኩርባ ስይዝ መኪናዋ ትንሽ ዘንበል ትላለች፤ መሪው እንደ 20ው ቶሎ አይመልስም። መልኳም ቀንሷል። ባለቤቴ «የታክሲ እግር አደረግክባት» ብላኛለች። እውነቷን ነው። መጥፎ መንገድ የማይነካው ሰው 20ውን ቢይዝ አልቃወምም፤ ቁጥሩን ሳይቀይር ግን ይያዝ።

አሁን የሚያሳስበኝ የኋላው አልቆ መሄዱ ነው። የፊቱ ጥርስ 6 ሚሊሜትር ተኩል ቀርቶታል፣ የኋላው 5። ወርዱ ስለሚለያይ የፊቱን ወደ ኋላ ማዞር አይቻልም። ግራና ቀኙን ብቻ ነው የማቀያይረው። ስለዚህ ለክረምት ሁለት 255/55 ቀድሜ ለመግዛት አስቤያለሁ። አንድ ተጨማሪ የፊት ቸርኬ ከነጎማው ከኋላ ሻንጣ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ከኋላው ጋር የዲያሜትር ልዩነቱ 1 ሚሊሜትር ተኩል ብቻ ነው፤ ሐዋሳ መንገድ ላይ ብቻዬን ብቀር በዝግታ እስከ ጎሚስታ ያደርሰኛል።